ከከንፈሩ ስፌት በኋላ፦ የድድ አጥንት ንቅለ ተከላና የክራንቻ ጥርስ ቀጠሮ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አካባቢ የምትኖር የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ልጅቱ ስትወለድ የላይኛው ከንፈሯ፣ ድዷና ላንቃዋ በግራ በኩል ተሰንጥቆ ነበር። በጨቅላነቷ ከንፈሯ ተሰፋ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ላንቃዋም ተዘጋ። ወላጆቿ ሐኪሞቹን አመስግነው፣ ስእለታቸውን አግብተው ወደ ኑሯቸው ተመለሱ። ዛሬ ከአፍንጫዋ ሥር የሚታየው ቀጭን ጠባሳ ብቻ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ «ድናለች» ይላል። ሆኖም ወተት ስትጠጣ ጥቂቱ በአፍንጫዋ ይመለሳል። ስትስቅ በግራ በኩል ካሉት የፊት ጥርሶቿ አንዱ ተጋድሞ ይታያል። የአፍንጫዋ ግራ ክንፍም ድጋፍ እንዳጣ ግድግዳ ሰምጧል።

ይህችን ልጅ ለማስረጃ ያህል የሣልናት እኛ ነን። በእርሷ ሁኔታ የሚገኙ ልጆች ግን በአገራችን ጥቂቶች አይደሉም። በላይኛው መንጋጋዋ ውስጥ፣ ከዓይን ተሰውሮ፣ አንድ ቋሚ የክራንቻ ጥርስ ወደ ታች ጉዞውን ጀምሯል። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደርሰው አጥንት ወደሌለበት ስፍራ ነው። ጥርሱ ከመድረሱ በፊት ስፍራው በአጥንት ካልተሞላ፣ በኋላ የሚደረገው ሕክምና ይከብዳል፤ ውጤቱም ያንሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ክፍተቱን የሚሞላውን ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም የድድ አጥንት ንቅለ ተከላን፣ የተመሠረተበትን ሳይንስና ውጤቱን የሚወስኑትን ነገሮች ነው።

ስንጥቁ እንዴት ይፈጠራል?

የሰው ፊት በማኅፀን ውስጥ ከአንድ ወጥ አካል ተቀርጾ የሚወጣ አይደለም። ከላይና ከግራ ቀኝ እያደጉ የሚመጡ ጉብታዎች እርስ በርስ ተገናኝተውና ተዋሕደው ይሠሩታል። የፅንሱ ዕድሜ ከአራት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከአፍንጫ በኩል የሚወርደው ጉብታ ከጎን ከሚመጣው የላይኛው መንጋጋ ጉብታ ጋር ተጣብቆ ከንፈርንና የፊተኛውን ድድ ያስገኛል። ላንቃው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ድረስ፣ ከግራና ከቀኝ እንደ ሁለት የመስኮት መዝጊያ እየተጠጋ ይገጥማል።

መጋጠሙ በአንድ ስፍራ ከተጓደለ ስንጥቅ ይቀራል። በዓለም ዙሪያ ሲታይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከንፈሩ ወይም ላንቃው ወይም ሁለቱም ተሰንጥቀው ይወለዳል። ስንጥቁ ከንፈርን አልፎ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጥርስን የሚሸከመውን የድድ አጥንት ይከፍለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያልፈውም በሁለተኛው የፊት ጥርስና በክራንቻው መካከል ነው። ይህ የክፍተቱ አቀማመጥ ለቀጣዩ ታሪካችን ወሳኝ ስለሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እንሻለን።

በአገራችን ሕዝቡ በዘልማድ «ሸንፋራ» እያለ የሚጠራው ይህ ሁኔታ በየቦታው ከእርግማን፣ ከቁጣ ወይም እናቲቱ ከፈጸመችው ስሕተት ጋር ሲያያዝ ኖሯል። ሳይንስ የሚያውቀው ሌላ ነው። የዘር ውርስና የአካባቢ ሁኔታዎች ተደምረው፣ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ በቅጡ ሳታውቅ፣ መጋጠሙን ያሰናክሉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢትዮጵያ፣ ከናይጄሪያና ከጋና የተሰበሰቡ ናሙናዎችን የመረመረ ጥናት ታትሞ ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር የተያያዙ አዳዲስ የጂን ስፍራዎችን አመልክቷል። ቀደም ሲል በዚህ ረገድ የነበረው እውቀት በአብዛኛው የተገኘው ከአውሮፓና ከእስያ ሕዝቦች በመሆኑ፣ ጥናቱ ለአፍሪካ ሳይንስ መልካም እርምጃ ነው።

ከንፈሩ ከተዘጋ አጥንቱ ለምን ያስፈልጋል?

ከንፈርና ላንቃ ሲሰፉ የሚገጥመው ሥጋና ቆዳ፣ ጡንቻና ስስ ሽፋን ነው። የተከፈለው የድድ አጥንት ግን ከውስጥ እንደተከፈለ ይቆያል። ይህ ክፍተት አራት ዋና ዋና ችግሮችን ያስከትላል።

አንደኛ፣ በአፍና በአፍንጫ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሊቀር ይችላል። በዚህ ቀዳዳ ፈሳሽ ወደ አፍንጫ ይመለሳል፤ አየርም ስለሚሾልክ ንግግር ይበላሻል። ሁለተኛ፣ የአፍንጫው ክንፍ የሚያርፍበት መሠረት ስለሌለ አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ሦስተኛ፣ ስንጥቁ በሁለቱም ወገን ሲሆን የፊት ጥርሶችን የያዘው የመንጋጋ ክፍል ከቀሪው አጥንት ጋር ስለማይያያዝ ይወዛወዛል፤ ልጁም በፊት ጥርሱ ዳቦ እንኳ ለመግመጥ ይቸገራል። አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የጥርስ ጉዳይ ነው። ጥርስ በአጥንት ውስጥ እንጂ በባዶ ስፍራ ውስጥ አይጓዝም። ክራንቻው ወደ ክፍተቱ ሲደርስ ወይ ተሰውሮ ይቀራል፣ ወይ አቅጣጫውን ስቶ ይወጣል፣ ወይም ወጥቶ ሥሩ በአጥንት ስላልተሸፈነ ዕድሜው ያጥራል። ከክፍተቱ ዳር የበቀሉት የፊት ጥርሶችም ተመሳሳይ አደጋ ይገጥማቸዋል።

ጥድፊያ ያስከተለው ጉዳት

ክፍተቱን በአጥንት የመሙላት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ በአውሮፓ የሚገኙ ሐኪሞች «ችግሩ ከልደት ጀምሮ የነበረ ከሆነ ጥገናውም በጨቅላነት ይሁን» በሚል እምነት ከንፈር በሚሰፋበት ዕድሜ አካባቢ አጥንት መትከል ጀመሩ። ሐሳቡ ለጊዜው ትክክል ይመስል ነበር። ዓመታት አልፈው ልጆቹ ሲያድጉ ግን የፊታቸው መካከለኛ ክፍል እንደሚገባው ወደ ፊት አለማደጉ ታየ። ገና በማደግ ላይ ያለ አጥንት ሲቆረጥ፣ ሲከፈትና በጠባሳ ሲታሰር እድገቱ ይገታል። ስለዚህ አብዛኞቹ ማእከላት ይህን ልማድ ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካውያኑ ቦይንና ሳንድስ ሌላ መንገድ አቀረቡ። የላይኛው መንጋጋ የፊተኛ ክፍል እድገቱን በአብዛኛው ከጨረሰ በኋላ፣ ነገር ግን ቋሚው ክራንቻ ከመውጣቱ በፊት ይሠራ አሉ። ይህ የወተት ጥርስና ቋሚ ጥርስ ተቀላቅለው በአፍ ውስጥ የሚገኙበት ዕድሜ ነው። የኦስሎ ሐኪሞች የሆኑት ቤርግላንድ፣ ሴምብና ኦቢሆልም ዘዴውን ተቀብለው በተከታታይ ያከሟቸውን 378 ታካሚዎች ውጤት እ.ኤ.አ. በ1986 አሳተሙ። ክራንቻው ከመውጣቱ በፊት የተሠራው ንቅለ ተከላ በኋላ ከተሠራው የተሻለ ውጤት እንዳለው በግልጽ ታየ። ከዚያ ወዲህ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለው ዕድሜ በብዙው ዓለም እንደ ተመራጭ ጊዜ ተወስዷል።

ትክክለኛው ቀን የሚወሰነው ግን በልደት ካርድ ሳይሆን በኤክስሬይ ነው። የክራንቻው ሥር ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲሠራ ጥርሱ ለመውጣት ይነሣሣል። ሐኪሙ የሚጠብቀው ይህንን ምልክት ነው። ከክፍተቱ አጠገብ ያለው ሁለተኛው የፊት ጥርስ የሚድን ከሆነም ጊዜው ወደ ሰባትና ስምንት ዓመት ይቀድማል።

ከዳሌ ወደ ድድ

ቀዶ ሕክምናው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ የሚከናወን ነው። አስቀድሞ የጥርስ አስተካካይ ሐኪም የጠበበውን የላይኛ መንጋጋ በመሣሪያ ቀስ በቀስ ያሰፋዋል። ከዚያም ቀዳጁ ሐኪም በክፍተቱ ዙሪያ ያለውን ድድ ገልጦ ሽፋኑን ለሁለት ይከፍለዋል። የላይኛውን ወደ አፍንጫው በኩል መልሶ በመስፋት ወለል ያበጅለታል፤ የታችኛውን ደግሞ ለአፍ በኩል ክዳን እንዲሆን ያዘጋጃል። በሁለቱ መካከል አንድ ባዶ ኪስ ይፈጠራል። አጥንቱ የሚገባው በዚህ ኪስ ውስጥ ነው።

አጥንቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ከዚያው ልጅ የዳሌ አጥንት ጫፍ ነው። በአጭር ቁርጠት የዳሌው አጥንት ይከፈትና ከውስጡ ስፖንጅ መሰሉና መቅኔ የያዘው አጥንት በማንኪያ መሰል መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል። የውጭው ጠንካራ ቅርፊት በስፍራው ይቀራል። ልጁ ለጥቂት ቀናት ሲራመድ ዳሌውን ያመዋል፤ በአብዛኛው ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይነሣል። ለሳምንታት አጥሚት፣ ሾርባና ለስላሳ ገንፎ ይመገባል። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና ሸንኮራ አገዳ የተከለከሉ ናቸው፤ ኳስ መጫወትም ለጊዜው ይቆማል። አፍን ንጹሕ አድርጎ መያዝ ግዴታ ነው። የተሰፋውን ድድ በመፋቂያ መነካካት ግን ስፌቱን ይበጥሰዋል።

ከራስ አካል ወስዶ ራስን መጠገን ለቀራንዮ ነዋሪ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት እጃቸውና እግራቸው ለተጎዳ ሕሙማን ጅማትን ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ በማዛወር በሚሰጠው የተሐድሶ ቀዶ ሕክምና የታወቀ ነው። የድድ አጥንት ንቅለ ተከላም በዚሁ መርሕ ይመራል። አካል የራሱን ሕብረ ሕዋስ እንደ ባዕድ ቆጥሮ አይዋጋውም።

የተተከለው አጥንት እንዴት ይጸድቃል?

«ንቅለ ተከላ» የሚለው ቃላችን ነቅሎ መትከልን ያመለክታልና የችግኝ ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ በሚገባ ይስማማል። ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ ሲተከል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ ሕይወት ያለው ሥር፣ ውሃ የሚያደርስለት አፈርና ከከብት የሚጠብቀው አጥር። አጥንትም እንዲሁ ነው።

ሕያው ሥር የምንላቸው በስፖንጃማው አጥንት ላይና በመቅኔው ውስጥ የሚገኙ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት ናቸው። በተተከለው አጥንት ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ፕሮቲኖች ደግሞ በአካባቢው ያሉትን ያልበሰሉ ሕዋሳት ወደ አጥንት ሠሪነት እንዲለወጡ ይጠሯቸዋል። የአጥንቱ ቅንጣቶችም አዲስ ሕዋስና አዲስ የደም ሥር የሚወጣበት መሰላል ሆነው ያገለግላሉ። ስፖንጃማ አጥንት ከጠንካራው ቅርፊት የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በውስጡ ብዙ ቀዳዳ ስላለው ከዳር የሚመጡ ጥቃቅን የደም ሥሮች በሳምንታት ውስጥ ይዘልቁታል፤ ጥቅጥቅ ያለው አጥንት ግን ደም እስኪደርሰው ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

አጥሩ በላዩ የተሰፋው ድድ ነው። ስፌቱ ተከፍቶ ምራቅና ባክቴሪያ ወደ ኪሱ ከገቡ አጥንቱ ይመረቅዛል፤ በከፊል ወይም በሙሉ ይጠፋል። የተቦረቦረ ጥርስና የቆሸሸ ድድ ያለበት አፍ ለቀዶው ሳይዘጋጅ መሠራት የሌለበት ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ችግኙ ጸድቆም ሥራ ያስፈልገዋል። አጥንት በየጊዜው የሚፈርስና የሚሠራ ሕያው አካል ነው። ጀርመናዊው ዩሊዩስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 እንዳስረዳው፣ አጥንት ቅርጹንና ጥንካሬውን የሚያስተካክለው በሚሸከመው ጫና መጠን ነው። ጫና ያለበት ይጠነክራል፤ ሥራ የፈታ ይሟሽሻል። በድድ ውስጥ የተተከለ አጥንትም ጉልህ ክፍሉ በመጀመሪያው ዓመት ተመልሶ ይሟሟል። መሟሟቱን የሚገታው ክራንቻው በውስጡ አልፎ ሲወጣና ልጁ ሲያኝክበት ነው። እንግዲህ አጥንቱ ለጥርሱ መንገድ ይሆነዋል፤ ጥርሱም በፋንታው አጥንቱን በሕይወት ያቆየዋል። ሁለቱ በወቅቱ ከተገናኙ ይተጋገዛሉ፤ ከተላለፉ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ። የዚህ ሕክምና ምስጢር በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢነገር ይኸው ነው።

ሰው ሠራሽ የአጥንት ምትክ ለምን አይገባም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ዳሌን ከመቁረጥ ያድናልና ሙከራው አልተቋረጠም። ቶሎ የማይሟሟ ማዕድናዊ ምትክ ግን ለሚጓዘው ጥርስ እንቅፋት ይሆናል። አጥንት እንዲሠራ የሚቀሰቅሰው በላቦራቶሪ የሚመረት ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ለአዋቂዎች የጀርባ አጥንት ሕክምና ቢፈቀድም፣ ሲጠቀሙበት ብርቱ እብጠት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የልጁ የገዛ ዳሌ እስካሁን መመዘኛ ሆኖ ቆይቷል።

«ተሳካ» ማለት ምን ማለት ነው?

የከንፈር ስፌት ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ የአጥንት ንቅለ ተከላ ውጤት ግን በድድ ስለተሸፈነ በኤክስሬይ ካልሆነ አይታወቅም። የኦስሎ ሐኪሞች ለዚህ ያወጡት ቀላል መለኪያ ዛሬም ያገለግላል። በሁለቱ ጥርሶች መካከል የቆመው የአጥንት ግድግዳ ከፍታ ከጤነኛው ጋር እየተነጻጸረ በአራት ደረጃ ይመደባል። ከፍታው ከጤነኛው ጋር ሲቀራረብ አንደኛ፣ ቢያንስ ሦስት አራተኛ ሲሆን ሁለተኛ፣ ከሦስት አራተኛ ሲያንስ ሦስተኛ፣ የአጥንት ድልድዩ ጭራሽ ሲጠፋ አራተኛ ደረጃ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች እንደ ስኬት ይቆጠራሉ።

ይህ መለኪያ ጉድለት አለው። የተለመደው ኤክስሬይ ርዝመትና ወርድን እንጂ ጥልቀትን አያሳይም። ከፊት ሲታይ ሙሉ የመሰለ የአጥንት ግድግዳ ከጎን ሲታይ እንደ ብራና የሳሳ ሊሆን ይችላል። በሦስት ገጽታ የሚያነሣው የሲቲ ስካን ዓይነት ይህን ያጋልጣል፤ ዋጋውና የጨረሩ መጠን ግን ለእያንዳንዱ ልጅ በየጊዜው እንዳይታዘዝ ያግዳል። ዞሮ ዞሮ ለልጁ ትርጉም ያለው ፈተና ቀላል ነው፤ ቀዳዳው ተዘጋ ወይ? ክራንቻው በስፍራው ወጣ ወይ? የጥርሱ ረድፍ ተያያዘ ወይ?

ከብሪታንያ የሚገኝ ትምህርት

ገንዘብና ሐኪም ያለው አገር ሁሉ በዚህ ሕክምና ይሳካለታል ብሎ የሚያስብ ቢኖር የብሪታንያን ታሪክ ይመልከት። በ1990ዎቹ በዚያ አገር 57 የሚሆኑ ማእከላት የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ያክሙ ነበር። አብዛኞቹ ሐኪሞች በዓመት የሚያዩት እጅግ ጥቂት ሕፃናትን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው አገር አቀፍ ምርመራ የአምስትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችን በየቦታው ለክቶ ሲመለስ፣ ከተደረጉት የድድ አጥንት ንቅለ ተከላዎች የተሳኩት 58 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። ከአውሮፓ ምርጥ ማእከላት ጋር ሲነጻጸር ይህ አሳፋሪ ነበር።

ምላሹ አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ መግዛት አልነበረም። ማእከላቱ በቁጥር እንዲያንሱ፣ እያንዳንዱም ብዙ ልጆችን የሚያይ የተሟላ ቡድን እንዲኖረው ተደረገ። ቀዳጅ ሐኪም፣ የጥርስ አስተካካይ፣ የንግግር ባለሙያና ነርስ በአንድ መዝገብ ላይ አብረው መሥራት ጀመሩ። ልጆች በጊዜው እንዲጠሩ፣ ውጤታቸውም እንዲለካ ሥርዓት ተበጀ። ከዚህ ለውጥ በኋላ የተሠሩትን ንቅለ ተከላዎች የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ስኬቱ ወደ 85 ከመቶ ማደጉን አሳየ። ቢላዋው ያው ቢላዋ፣ ዳሌውም ያው ዳሌ ነበር። የተለወጠው አደረጃጀቱ፣ ቀጠሮ አከባበሩና የመለካት ልማዱ ነው።

በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ሕክምና ረጅም መንገድ ተጉዟል። በስድስት ኪሎ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቤተ ሳይዳ በሚል ስም የተመሠረተው የካቲት 12 ሆስፒታል የዚህ ሕክምና ዋና ማእከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ስማይል ትሬይን የአገር ውስጥ ሐኪሞች ሕክምናውን በነጻ እንዲሰጡ ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ፕሮጀክት ሐረር ደግሞ ከሩቅ ገጠር ሕሙማንን እያፈላለገ ወደ ሆስፒታል ያደርሳል። በእነዚህና በሌሎች ወገኖች ጥረት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ከንፈራቸው ተዘግቶላቸው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ወደ ገበያና ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ በቅተዋል። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

የአጥንቱ ምዕራፍ ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ይጠይቃል። ከንፈርን ለመዝጋት አንድ ጉዞና አንድ ቀዶ ሊበቃ ይችላል። አጥንት ለመትከል ግን ያው ልጅ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ መመለስ አለበት። ከሩቅ ገጠር የመጣ ቤተሰብ የመንገድ ገንዘብ፣ የእርሻ ጊዜና ማደሪያ ያስፈልገዋል። ስልክ ቁጥሩ ይለወጣል፤ መኖሪያውም ይቀየራል። ከሁሉ በላይ ግን እንዲመለስ የሚገፋፋው የሚታይ ችግር የለም፤ ከንፈሩ ተዘግቷልና። ስለዚህ ርቀት ብቻውን ሰበብ አይሆንም። ከቀራንዮ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ታክሲ ይበቃል፤ ነገር ግን መመለስ እንዳለበት ያልተነገረው ወላጅ ቀራንዮም ቢኖር ከጠረፍ ነዋሪ አይለይም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ክራንቻውን የሚመራውና የጥርስ ረድፉን የሚያስተካክለው የጥርስ አስተካካይ ሐኪም በአገራችን ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ሕሙማንም ለመጀመሪያው የከንፈር ስፌት ራሱ የሚደርሱት ካደጉ በኋላ በመሆኑ የአጥንቱ ጊዜ አስቀድሞ አልፏል።

በዚህ ላይ ልዩ ትኩረት የሚሻ አንድ ጎጂ ልማድ እንጨምር። በብዙ አካባቢዎች ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ አለበት» ተብሎ ድዱ በስለት ይበጣል፤ ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻም ተቆፍሮ ይወጣል። ልማዱ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። ከዚህም በላይ የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ በዚያው አቅራቢያ ስላለ አብሮ ይጎዳል ወይም ይጠፋል። ለማንኛውም ሕፃን ይህ ክፉ ነው። ድዱ ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን ግን ነገ የሚተከለውን አጥንት በሕይወት የሚያቆየውን ጥርስ ዛሬ ነቅሎ መጣል ነው።

ጊዜው ላለፈባቸው

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡ ተማሪዎች መካከል ራሳቸው በዚህ ሁኔታ ያለፉ እንደሚኖሩ እናስባለን። ክራንቻው ከወጣ በኋላ፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ወይም በአዋቂነት የሚሠራ ንቅለ ተከላ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ቀዳዳን ለመዝጋት፣ አፍንጫን ለመደገፍና ለሰው ሠራሽ ጥርስ መሠረት ለመጣል ያገለግላል። ሆኖም የመሳካት ዕድሉ ዝቅ ይላል፤ የሚሟሟው አጥንትም ይበዛል። ለአዋቂ ታካሚ ሲጋራ ማቆምና ድድን ማስታከም ከቀዶው በፊት የሚጠበቁ ግዴታዎች ናቸው። መዘግየት ተስፋ አያስቆርጥም፤ ውጤቱ ግን በጊዜው ከተሠራው ጋር እኩል ይሆናል ብሎ መጠበቅም አይገባም።

ማጠቃለያ

ከላይ ካየነው የምንደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። የድድ አጥንት ንቅለ ተከላ ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ልጁ ወደ ቀዶ ክፍል ከመግባቱ በፊት ነው። ልጁ በወቅቱ መምጣቱ፣ አፉ ንጹሕ መሆኑ፣ ክራንቻው አለመነቀሉና ተባብሮ የሚሠራ ቡድን መገኘቱ ከቢላዋው ስለት ያላነሰ ድርሻ አላቸው።

ስለዚህ የሕክምናውን ስኬት በተሰፉ ከንፈሮች ቁጥር ብቻ መቁጠር በቂ አይደለም ብለን እናምናለን። የዛሬ ሕፃን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ኤክስሬይ ተነሥቶ ክራንቻው በአጥንት ውስጥ ቆሞ ሲታይ ያን ጊዜ በእርግጥ «ድኗል» ማለት ይቻላል። ይህ እንዲሆን በከንፈር ስፌት ቀን ለወላጅ በቃልም በጽሑፍም አንድ ቀላል መልእክት ይሰጥ፦ «ልጁ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ ለድዱ ኤክስሬይ ይዛችሁት ተመለሱ»። የቀን መቁጠሪያ ቢረሳ የትምህርት ክፍል አይረሳም። የሠፈር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና የክፍል መምህርም ይህችን መልእክት ቢያውቋት ለብዙ ልጆች ይደርሳሉ።

በጽሑፋችን መግቢያ የሣልናት የቀራንዮ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት። ክራንቻዋ ገና አልወጣም። ጥቂት ጊዜ አላት።